ዋሻውን በጭስ አታጥኑት፦ ስለ ፍሬ በል የሌሊት ወፍና ስለ ማርበርግ

ማሚቶ (ውይይቱን የከፈተ) | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የማስተምረው ደቡብ ውስጥ በአንድ ገጠር ቀበሌ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ ከመንደሩ በላይ ባለው ገደል ዋሻ ውስጥ የሰፈሩትን የሌሊት ወፎች ምን እናድርጋቸው የሚል። ወጣቶቹ ወስነው ነው የመጡት። ቅዳሜ አሮጌ ጎማና በርበሬ ተሸክመው ይወጣሉ፣ ዋሻው አፍ ላይ ያጨሳሉ፣ ታፍኖ የሚወጣውን በዱላ ይመታሉ፣ በመጨረሻም ቀዳዳውን በድንጋይ ይደፍናሉ።

በማንም አልፈርድም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2025፣ በህዳር 2018 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ መግባቱ ሲረጋገጥ በአገራችን የመጀመሪያው ነበር። ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ የሌሊት ወፍ ስትነሳ እናቶች ያማትባሉ። ደግሞ ህዳር ሲታጠን እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ በሽታ በጭስ ይባረራል የሚለው ነገር ከ1911ዱ የህዳር በሽታ ጀምሮ አብሮን አለ።

«እስከ ረቡዕ ጊዜ ስጡኝ፣ ያለኝን ልናገርና ከዚያ ወስኑ» ብዬ ለመንኩ። ሽማግሌዎቹ ፈቀዱልኝ። የምናገረውን እዚህ አስቀምጣለሁ፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

መጀመሪያ የዋሻዋን ወፍ ማንነት ልናገር። ማታ ማታ ከዋሻው ራቅ ብዬ ቆሜ የማያቸው ትላልቅ ናቸው። ክንፋቸው ሲዘረጋ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ፊታቸው ቡችላ ይመስላል፣ ዓይናቸው ጎላ ያለ ነው። ሌሎቹ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች አብዛኞቹ ቀኑን ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ይውላሉ እንጂ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አይገቡም። ይህቺኛዋ ግን ምላሷን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ጠቅ ጠቅ ታሰማለች፤ ድምፁ ከድንጋዩ ነጥሮ ሲመለስ መንገዷን ታውቃለች። ነፋስ በሌለበት ምሽት ጠቅጠቅታው እታች መንገዱ ድረስ ይሰማል። የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ትባላለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሩሴተስ ኤጂፕቲያከስ ነው። «ግብፅ» ቢሏትም ከደቡብ አፍሪካ እስከ ቱርክና ቆጵሮስ፣ በዓረብ ምድር አድርጋ እስከ ፓኪስታን ትገኛለች።

ምን እንደምትበላ ለማወቅ ሩቅ አልሄድኩም። ግቢያችን ውስጥ አንድ ሾላ አለ። አምና ፍሬው ሲበስል ሌሊት በባትሪ ወጥቼ አየሁ። አንዷ በአንድ እግሯ ቅርንጫፍ ይዛ፣ በሌላው ፍሬውን ከደረቷ ጋር አጣብቃ ታኝካለች። ጭማቂውን ትመጥና ምጣጩን ጠፍጥፋ ትተፋዋለች። ጠዋት ደረጃው ላይ የተተፋው ጠፍጣፋ ምጣጭ ተበትኖ ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ ደቃቅ የሾላ ዘር የሞላበት ኩስ። ከመጸዳጃ ቤታችን ግድግዳ ስንጥቅ ላይ የበቀለውን የሾላ ችግኝ ማን እንደዘራው ያን ዕለት ገባኝ።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ፤ አልደብቅም። የማርበርግ ቫይረስ በተፈጥሮ መኖሪያ ያደረገው ይህችኑ ዝርያ ነው። ቫይረሱ እሷን አያሳምማትም፤ በምራቋ፣ በሽንቷና በኩሷ ይወጣል። ስለዚህ ወጣቶቹ «ከሷ ነው የሚመጣው» ሲሉ አልተሳሳቱም። የተሳሳተው መፍትሔው ነው። ይህንንም የምለው ዩጋንዳ ውስጥ የሆነውን ስለማውቅ ነው።

ምዕራብ ዩጋንዳ ውስጥ ኪታካ የሚባል የማዕድን ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቆፋሪዎች በማርበርግ ታመሙ። ተመራማሪዎች ገብተው ከነዚሁ የሌሊት ወፎች ሕያው ቫይረስ አወጡ። በ2008 ቆፋሪዎቹ ልክ እኛ እንዳሰብነው አደረጉ፤ መውጫውን በሸምበቆ አጥረው፣ የዓሣ መረብ ዘርግተው፣ ለሳምንታት ያዙና ፈጁ፤ ከዚያ ቀዳዳውን ደፈኑት። በ2012 ከዚያ ብዙም በማይርቀው ኢባንዳ ከተማ ማርበርግ ተነሣ፤ 15 ሰው መያዙ ተረጋገጠ፣ 4 ሞቱ። ተመራማሪዎቹ ዋሻውን ሲያዩት ቀዳዳው ተከፍቷል፣ የሌሊት ወፎቹም ተመልሰዋል። ቁጥራቸው ከድሮው ከ5 በመቶ አይበልጥም። ቫይረሱን የያዙት ግን ድሮ ከመቶ 5 ያህል የነበሩት ከመቶ 13 በላይ ሆነዋል።

ያልተረዳችሁት ካለ ጠይቁኝ። እኔም መልስ መለማመድ አለብኝ።

እናት ዓለም | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡55

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እኔ ልጆች አሉኝ። ፍየል ሲጠብቁ ዝናብ ከመጣ ዋሻ ነው የሚጠለሉት። በመቶው ይብዛም ይነስም፣ ወፏ ከሌለች በሽታው የለም፤ ለእናት ይህ ነው የሚታያት። ደግሞ እንዴት ነው ጥቂት ሆነው የባሰባቸው? እሱን አስረዳኝ።

ማሚቶ | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡20

እናቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ ረቡዕም የሚጠየቀው ይሄው ነው።

በአንድ ዋሻ ውስጥ ያሉት አዋቂዎቹ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ተይዘው፣ ድነው፣ ሰውነታቸው ተከላክሎ የሚኖሩ ናቸው። ቫይረሱን በብዛት የሚይዙት ስድስት ወር ገደማ የሞላቸው ወጣቶቹ ናቸው። ከእናታቸው ያገኙት መከላከያ ሲያልቅ ይያዛሉ። እንግዲህ ጭስ አጢሰን አዋቂዎቹን ስንፈጅ ቫይረሱን የቻሉትን አጠፋን ማለት ነው። ባዶው ዋሻ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ጥሩ ዋሻ ለእነሱ እንደ ጥሩ ምንጭ ነው፣ ከሌላ ቦታ ይመጡበታል። የሚመጡት ገና ያልተያዙ ከሆኑ በሽታው ደረቅ ሣር ላይ እንደወደቀ እሳት ይሆናል። የኪታካን ነገር ያጠኑት ሰዎች የሰጡት ማብራሪያ ይህን የመሰለ ነው።

የልጆቹ ዝናብ መጠለያ ግን ልቤን ነካኝ፤ አላሰብኩትም ነበር። ከዋሻው በታች ሜዳው ላይ የሣር ዳስ ብንሠራላቸው? የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጤና መኮንን | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

መምህር ያልከው ልክ ነው፤ ከእኔ ሙያ አንድ ነገር ልጨምር፣ እባክህ ረቡዕ ከሁሉ በፊት ይህን ተናገር።

ቅዳሜ ሊደረግ የታሰበው ነገር ራሱ ትልቁ አደጋ ነው። እስከ ዛሬ የመንደሩ ሰውና የዋሻው ወፍ በአብዛኛው ተራርቀው ኖረዋል። ቅዳሜ ግን 30 ወጣት ጨለማ ዋሻ አፍ ላይ ቆሞ የደነገጠ፣ የሚናከስ፣ የሚሸና፣ የሚደማ እንስሳ በዱላ ሊመታ ነው። ደም ፊታቸው ላይ ይረጫል። በእጃቸው አንስተው ይወረውራሉ። ማታ በዚያው እጅ እንጀራ ይቆረሳል። ቫይረሱ ሰው ላይ እንዲገባ አስቦ የሚሠራ ሰው ቢኖር ከዚህ የተሻለ መንገድ አያገኝም።

ስለ በሽታው ደግሞ፦ ከሌሊት ወፍ ወደ ሰው መሻገሩ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም። የሚገለው ከተሻገረ በኋላ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ ነው። በአየር እንደ ጉንፋን አይተላለፍም፤ በደም፣ በትውከት፣ በሰገራ፣ በላብ፣ በሬሳ ንክኪ ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲገባ መነሻው ማዕድን የሚወጣበት ዋሻ ነበር፤ ከተያዙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ ግን የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ከ66ቱ 15 ሞቱ። ባለፉት ወረርሽኞች ከተያዘው ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲሞት ነበርና ሩዋንዳ ያን ያህል ሰው ያዳነችው ሕመምተኛን ቶሎ ለይታ፣ ቶሎ ፈሳሽና መድኃኒት ሰጥታ ነው። ዋሻ በማጠን አይደለም።

ምልክቱ ከተጋለጡ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ድንገተኛ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ከዚያ ተቅማጥና ትውከት፣ ከከፋ ደም መፍሰስ። መጀመሪያው ወባ ይመስላል። ስለዚህ ዋሻ የገባ ሰው ትኩሳት ከያዘው ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ዋሻ ገብቼ ነበር» ብሎ ይናገር። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ባለሙያውንም ቤተሰቡንም ታድናለች።

ከቴል አቪቭ | ሰኞ፣ ቀትር 6፡30

እኔ የምኖረው እስራኤል ነው፤ ይህችኑ ወፍ በየማታው አያታለሁ። እዚህ መንገድ ዳር የተተከሉት የፊከስ ዛፎች የሾላ ዘመድ ናቸውና ፍሬ ሲያፈሩ ከተማው መሀል በመንጋ ትመጣለች። መኪናና ግድግዳ በኩስ ይቆሽሻል፣ ሰው ያማርራል፣ በማግስቱ ያጥባል።

ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የፍራፍሬ ገበሬዎችን እንርዳ ተብሎ ዋሻዎች በመርዝ ጋዝ ይታጠኑ ነበር። ፍሬ በሏ ቀነሰች፣ ግን አልጠፋችም፤ ዛሬ ከድሮው ይልቅ በዝታ ከተማ ገብታለች። ያለቁት በዚያው ዋሻ አብረው የነበሩት ነፍሳት በል ትንንሽ የሌሊት ወፎች ናቸው። ፍሬ ነክተው የማያውቁ፣ የገበሬውን ተባይ የሚለቅሙለት። ብዙዎቹ ዝርያዎች እስካሁን ወደነበሩበት አልተመለሱም። ጭስ ማንን እንደሚገድል አይመርጥም። ዋሻችሁ ውስጥ ሌላ ማን እንዳለ የሚያውቅ አለ?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለወጣቶቹ ንገራቸው። እዚሁ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእነዚህን ወፎች ጫጫታ ለወራት ቀድተው 15,000 ያህሉን መርምረዋል። ለእኛ ጆሮ አንድ ዓይነት ጩኸት ነው። ሲተነተን ግን ጠብ ነው፤ በምግብ፣ በመኝታ ቦታ፣ «ተጠግተኸኛል» በሚል፣ ወንዱ ሳትፈልገው ሲመጣባት። ከድምፁ ብቻ ማን እንደጮኸ፣ አንዳንዴም ለማን እንደጮኸ መለየት ችለዋል። እኔ ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ማታ ዛፉ ሥር ሳልፍ ቆም ብዬ አዳምጣለሁ።

የማንጎ ገበሬ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

አርባ ምንጭ አካባቢ ማንጎና ዘይቱን አለኝ። ስለ በሽታው አልናገርም፤ ስለ ኪሳራው ግን እናገራለሁ። ጠዋት ስነሳ ዛፍ ሥር ግማሹ የተበላ ፍሬ አነሳለሁ። እናንተ ስለ ዘር መዝራት ስታወሩ እኔ የልጆቼን ደብተር መግዣ ነው የማስበው።

ማሚቶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ወንድሜ፣ ኪሳራህ እውነት ነው፤ ማንም «አይደለም» ሊልህ አይገባም።

የማውቀውን ልንገርህ። ይህች ወፍ የምትፈልገው የበሰለ፣ ጣፋጭ፣ ሽታው የሚጠራ ፍሬ ነው። ለገበያ የሚሆነው ማንጎ ደግሞ ጠንካራ ሳለ ይለቀማል። ዛፍ ላይ እስኪበስል የቆየው ነው የእሷ። ስለዚህ ቶሎ መልቀም፣ ለቤት የሚቀረውን ዛፍ ደግሞ በጠባብ ዓይን መረብ መሸፈን ይረዳል። ዘይቱኑ ከባድ ነው፤ በስሎ ነው የሚሸጠው። እሱን መረብ ካልሆነ ሌላ አላውቅም።

መግደል ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ሞሪሸስን እይ። እዚያ ያለችው ሌላ ዝርያ ናት፤ በዚያ ደሴት አካባቢ ካልሆነ በዓለም የለችም። መንግሥት ስለ ማንጎና ሊቺ ገበሬ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2015 ብቻ ከ30,000 በላይ አስገደለ፣ በማግስቱም ዓመት ደገመ። የፍራፍሬው ምርት አልጨመረም። በ2018 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያዋን «ለመጥፋት የተቃረቡ» ከሚላቸው ውስጥ ጻፋት።

ዛፍ ሥር የምታነሳውን ግማሽ ፍሬ ግን ለልጆችም ለከብትም አትስጥ። ቅበረው፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ።

ቆርቆሮ ቤት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። ሐዋሳ ነኝ። የእኛ ኮርኒስ ውስጥ አሉ፤ ማታ ይንኮሻኮሻሉ፣ ሽታቸው ከባድ ነው። ባለቤቴ ጂንካ ከተሰማ ጀምሮ እዚያ ክፍል አታድርም። እነሱም ያው ናቸው?

ጤና መኮንን | ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡10

አይደሉም። በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል የሚገቡት በአብዛኛው ነፍሳት በል ትንንሾቹ ናቸው፤ አውራ ጣት የምታህል ስንጥቅ ይበቃቸዋል። መምህር የሚናገርላት ትልቋ ዋሻ ትፈልጋለች። የማርበርግ መኖሪያ እሷ ናት፤ የእናንተዎቹ በዚህ አይታወቁም። ባለቤትህን አረጋጋት።

ቤት ውስጥ ይኑሩ ግን አልልም። ኩሳቸው ሲደርቅና ሲቦን ሳንባ የሚያሳምም ሻጋታ ሊኖረው ይችላል። አወጣጡ ይህ ነው፦ ጀንበር ስትጠልቅ ከየት እንደሚወጡ ቆመህ ተመልከት። በዚያ ቀዳዳ ላይ ከላይ ብቻ የተያያዘ፣ ከታች የተለቀቀ መረብ ወይም ላስቲክ አንጠልጥል፤ ሾልከው ይወጣሉ፣ ሲመለሱ መግቢያው አይገኝላቸውም። ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ ውስጡ ጸጥ ማለቱን አረጋግጠህ ድፈነው። ግልገሎች ካሉ ክንፍ እስኪያወጡ ጠብቅ፤ አለዚያ ውስጥ ሞተው ከአሁኑ የባሰ ይሸታል። ኩሱን ደረቁን አትጥረገው፤ በረኪና ባለው ውሃ አርጥበህ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ ጓንት አድርገህ አንሳ። ከነከሰችህ ወይም ከቧጨረችህ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠብና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዕለቱን ጤና ተቋም ጠይቅ።

ተማሪ ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ ማሚቶ፣ ይህች ዝርያ በመጥፋት ላይ ናት? ካልሆነች ለምን ይህን ያህል ትደክማለህ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ማሚቶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

አይደለችም። የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረቱ «ብዙም የማያሰጋ» በሚለው መደብ ነው ያስቀመጣት፤ ሕዝብን ለማሳመን ብዬ «ሊጠፉ ነው» ብል ውሸታም እሆናለሁ፣ ነገም አልታመንም።

የምደክመው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አወላለዷ። አይጥ ትመስላለች ግን እንደ አይጥ አትፈለፍልም። አራት ወር ገደማ አርግዛ አንዲት ግልገል ትወልዳለች፤ መንታ ከስንት አንዴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛት ትበራለች፤ ስትከብዳት ዋሻ ውስጥ ሰቅላት ፍሬ ፍለጋ ትወጣለች። እንክብካቤ ሲያገኙ ከ20 ዓመት በላይ የኖሩ አሉ። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚራባ እንስሳ በሺህ የሚቆጠረው በአንድ ዋሻ ተሰብስቦ ሲኖር፣ አንድ ቀን ጭስ የፈጀውን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። በዓለም ደረጃ ምንም አይጎድልም፤ ከዚህ ገደል ግን ይጎድላል።

ሁለተኛው፣ ዱላው ሲነሳ ዝርያ አይለይም። ሌላዋ ትልቅ ፍሬ በል፣ አንገቷ ላይ የገለባ ቀለም ያላት፣ «ለስጋት የተቃረበች» ተብላ ተመዝግባለች፤ በምዕራብ አፍሪካ ለሥጋዋ በብዛት ትታደናለች። ዛምቢያ ካሳንካ ላይ በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እጅግ በብዛት የምትሰበሰበው እሷ ናት። በእኛ ደጋ ብቻ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ስም የወጣላት አንዲት ትንሽ ነፍሳት በልም አለች፤ የስኮት የሌሊት ወፍ ትባላለች፣ «ለአደጋ የተጋለጠች» ናት። ከኢትዮጵያ ውጪ የለችም። ስንቶቻችን ስሟን ሰምተናል? ሕዝቡ «የሌሊት ወፍ ማለት ማርበርግ ነው» ብሎ ከያዘው እሷም አብራ ትሄዳለች።

እናት ዓለም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

መምህር፣ ዛሬ ነው ቀንህ። ስለ ልጆቹ ዳስ እንዳትረሳ። ሴቶቹን በመጀመሪያ አናግር፤ ወንዶቹ ቢሰሙም ባይሰሙም ልጅ ዋሻ እንዳይገባ የምንከለክለው እኛ ነን።

ማሚቶ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ትናንት ተሰብስበን እስኪመሽ ቆየን። የእናት ዓለምን ምክር ሰምቼ ጠዋት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነን ወንዝ ወርደን ሴቶቹን አገኘን። ጉዳዩ ግማሽ ያለቀው እዚያ ነው።

ዋርካው ሥር የጤና መኮንኑን ነገር ነው ያስቀደምኩት። ደም ፊት ላይ ይረጫል፣ ማታ በዚያ እጅ እንጀራ ይቆረሳል ስል ጸጥ አሉ። የኪታካን ቁጥር በበቆሎ ፍሬ መሬት ላይ ደርድሬ አሳየሁ፤ መጀመሪያ መቶ ፍሬ፣ አምስቱን ከሰል ቀባሁ። ቀጥሎ ሌላ መቶ፣ አሥራ ሦስቱን ቀባሁ። አንድ አባት በዱላቸው ጫፍ የጠቆሩትን ሁለት ጊዜ ቆጠሯቸው።

የተወሰነው ይህ ነው። ዋሻው አይታጠንም፣ አይደፈንም። ወደ ዋሻው በሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ፣ ከአፉ ሃምሳ እርምጃ በታች፣ የእሾህ አጥር ይታጠራል። ሜዳው ላይ ለእረኞች ዳስ ይሠራል። የወደቀ ግማሽ ፍሬ አይበላም። ትኩሳት የያዘው ሰው ዋሻ ገብቶ እንደሆነ ይናገራል፣ ለዚህም ማንም አይቆጣውም፤ ይህን የጨመሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ሁሉም አልተስማማም። አንድ ወጣት፣ ዘመዱን ጂንካ ያጣ፣ ምንም ሳይናገር ተነስቶ ሄደ። እሱን በቁጥር ማሳመን አይገባኝም። ነገ ቤቱ ሄጄ አብሬው እቀመጣለሁ።

ከቴል አቪቭ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡45

እግዚአብሔር ያጽናው በልልኝ። ቅዳሜ እንዴት እንደዋላችሁ ጻፍልን።

ማሚቶ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡50

ጎማ የያዘ ሰው አልወጣም። አጥር ለማጠር 14 ሰው መጣ፤ ያ ወጣት ዘግይቶ ደረሰ፣ አላናገረኝም፣ ግን የግራር ቅርንጫፍ ጎትቶ አመጣ።

12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሥራ አቁመን ወደ ሜዳው ወረድን። መጀመሪያ ጠቅጠቅታው መጣ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ቀጥሎ እንደ ጭስ። ልጆቹ ሊቆጥሩ ሞክረው ሁለት መቶ ላይ ጠፋባቸው። አብዛኞቹ ወደ ወንዙ፣ ሾላዎቹ ወዳሉበት ሄዱ።

አጥሩ ግማሽ ቀርቶታል፤ እሾህ አለቀብን። ነገ ከሰዓት በኋላ ቆንጨራ ያላችሁ ኑ።